የማይታየው ታቦት

እ.ኤ.አ. በ1982 የአሜሪካው አታሪ ኩባንያ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ አወጣ። የተጫዋቹ ድካም ሁሉ ታቦተ ሕጉን ፈልጎ ማግኘት ነው። ጨዋታው የተቀዳው ከአንድ ዓመት በፊት ከታየው የስቲቨን ስፒልበርግ ፊልም ነበር። በፊልሙ ታቦቱ ሲከፈት መናፍስት እየበረሩ ይወጣሉ፤ ዓይኑን ገልጦ ያየ ሁሉ ይጠፋል። የእህቴ ልጆች ታቦት ሲባል የሚታያቸው ይኸው እሳት የሚተፋ ፍጡር ነው። እኔ ግን የደላንታ ልጅ ነኝ፤ ታቦትን ያወቅሁት ባለማየት ነው።

በከተራ ዕለት ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ግንባሯን መሬት ታስነካ ነበር። ታቦቱን ያከበሩት ካህን በመጎናጸፊያና በጥላ ተሸፍነው ሲያልፉ ቀና ብሎ የሚመረምር አልነበረም። ጽላቱ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ይቀረጻል፤ በጳጳስ እጅ ይባረካል። ጽላት በሌለበት ቅዳሴ የለም።

የሥርዓቱ ሥር አክሱም ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በንቡረ ዕድ ይስሐቅ እጅ ወደ ግእዝ የተመለሰው ክብረ ነገሥት፣ የካህኑ የሳዶቅ ልጅ አዛርያስ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ታቦተ ጽዮንን ይዞ እንደመጣ ይተርካል። ዛሬም በአክሱም ጽዮን ወደ እርሷ የሚቀርበው አንድ መነኩሴ ብቻ ነው። ይህን አገልግሎት የተቀበለ እስከ ዕለተ ሞቱ ከቅጥሩ አይወጣም።

ይህን ክብር የደፈረው የመቅደላ ዘረፋ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ እኔ ባደግሁበት በደላንታ ሜዳ ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ጽላቶችም ከመጻሕፍቱና ከመስቀሎቹ ጋር ባሕር ተሻገሩ።

አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ከተዘረፉት መካከል አንድ ክብረ ነገሥት አስመለሱ። የታቦቱን ታሪክ የያዘው መጽሐፍ ሲመለስ ጽላቶቹ ቀሩ። ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ጽላት በአገልጋዩ ቅን ልብ አዲስ አበባ ገባ። ሕዝቡም በእልልታ ተቀበለው።

በብሪቲሽ ሙዚየም ግን 11 ጽላቶች አሉ፤ አብዛኞቹ የመቅደላ ናቸው። ሙዚየሙ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት አክብሮ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ የራሱ ባለሙያዎችም አያዩአቸውም፤ ተመራማሪም አያጠናቸውም። ለዚህ አክብሮት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ክርክሩን የሚዘጋውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሙዚየሙ ሕግ፣ በስብስቡ ሊቆይ የማይገባና ቢለቀቅ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳን ዕቃ መልቀቅ ይፈቅዳል። ማንም የማያየው፣ ማንም የማያጠናው ጽላት ቢለቀቅ የየትኛው ተማሪ ጥቅም ይጎዳል? ጽላቶቹ ለንደን ውስጥ ሥራ የላቸውም፤ እዚህ ግን ቅዳሴ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ ይመለሱ።