የማይወደድ ወንድም ወይም እህት (የወጣቶች ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ)

የማይወደድ ወንድም ወይም እህት በወጣቶች ልብ ወለድ ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚያዝዝ፣ የሚቀናበት፣ የሚያጋልጥ ወይም የሚንቅ የቤተሰብ አባል ሆኖ የሚቀረጽ ገጸ ባሕርይ ነው። ከሌላ ባላንጣ የሚለየው ሊሸሹት ባለመቻሉ ነው። የትምህርት ቤት ጠላት ደወል ሲደወል ይቀራል፤ ወንድም ግን ማታ ከአንድ መሶብ ይበላል፣ የቤቱን ምስጢር ያውቃል፣ በወላጅ ፊትም የመደመጥ መብት አለው። ይህ መጣጥፍ የገጸ ባሕርዩን አቀራረጽ በተለይ ከሮቤ፣ ከጎባና ከባሌ ደጋ ኑሮ ጋር አያይዞ ያብራራል።

በቆዩ ትረካዎች

የወንድማማቾች ጠብ በኢትዮጵያ አንባቢ ዘንድ ከልብ ወለድ በፊት የታወቀ ነው። የቃየንና የአቤል፣ የዔሳውና የያዕቆብ ታሪኮች በመጽሐፍ ቅዱስ ይገኛሉ። ዮሴፍን ወንድሞቹ ጉድጓድ ውስጥ የጣሉበት ታሪክ ደግሞ በቁርኣን 12ኛ ምዕራፍ (ሱረቱ ዩሱፍ) ተተርኳል። በባሌ ደጋ ከተሞች ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች ተጎራብተው ስለሚኖሩ፣ ታሪኩ በሁለቱም ቤት የሚታወቅ ነው። በሁለቱም አተራረክ የወንድሞቹ ክፋት ከባዶ አይነሳም፤ አባታቸው አንዱን ልጅ አብልጦ እንደሚወድ አይተዋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የሚገኘው የጠፋው ልጅ ታላቅ ወንድምም ጥሩ ምሳሌ ነው። ለታናሹ መመለስ በተደረገው ግብዣ ላይ አልገባም ብሎ ውጭ ይቆማል። አድራጎቱ ደስ አያሰኝም፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሲያገለግል የኖረው እሱ ስለሆነ ቅሬታው ምክንያት አለው።

በአማርኛ ልብ ወለድ

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» (ሮም፣ እ.ኤ.አ. 1908) የመንትዮቹን የዋሕድንና የጦቢያን ታሪክ ይተርካል። እህት የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ የሚታየው የመዋደድ ገጽታ ነው። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ውስጥ ግን ታላቅ ወንድም የጫና ምንጭ ይሆናል። አበራ ሥዕልን ሲመኝ ታላቅ ወንድሙ አባተ ወደ ተለመደው ኑሮ፣ ወደ ትዳርና ወደ ልጅ ይገፋፋዋል። መጽሐፉ ለወጣቶች ብቻ የተጻፈ ባይሆንም፣ ታላቅ ወንድም «ለአንተው ብዬ ነው» እያለ እንዴት እንደሚያስጨንቅ ለማየት ይጠቅማል።

በሌሎች አገሮች

በሉዊዛ ሜይ አልኮት «ትንንሽ ሴቶች» (እ.ኤ.አ. 1868) ትንሿ ኤሚ ወደ ቲያትር ሳይወስዷት ስለቀሩ የእህቷን የጆን የእጅ ጽሑፍ ታቃጥላለች። በካትሪን ፓተርሰን «ያዕቆብን ወደድሁ» (እ.ኤ.አ. 1980) ደግሞ ተራኪዋ ሉዊዝ መንትያዋን ካሮላይንን ትቀናባታለች። አንባቢ ካሮላይንን የሚያያት በሉዊዝ ዓይን ብቻ ስለሆነ፣ የማትወደደው እህት በእርግጥ ማን እንደሆነች መጠየቁ አይቀርም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1981 የኒውበሪ ሜዳልያ ተሸልሟል።

አቀራረጽ

ገጸ ባሕርዩ አሳማኝ እንዲሆን አራት ነገሮች ይረዳሉ።

ምክንያት፦ ጥላቻው በቤቱ ውስጥ ከሚታይ ነገር ይነሳል፤ ለምሳሌ ከወላጅ አድልዎ፣ ከሥራ ክፍፍል፣ ከውርስ ወይም ከትምህርት ዕድል።

ድርጊት፦ «ክፉ ነበር» ከማለት ይልቅ አንድ ትንሽ፣ የማይረሳ በደል ማሳየት ይበልጣል። ደብተር መደበቅ ወይም በእንግዳ ፊት ማሳፈር ከድብደባ ይልቅ ሊቆረቁር ይችላል።

አነጋገር፦ በአማርኛ የአክብሮት አጠራር ግጭቱን ይሸከማል። ታላቅየው «አንቺ» እያለ ሲያዝዝ ታናሽ «እሺ ጋሼ» ትላለች። አንድ ቀን ሆን ብላ «ጋሼ»ን ብትተው፣ ቃሉ መቅረቱ ብቻ ትልቅ ድርጊት ይሆናል።

አንድ መልካም ነገር፦ የማይወደደው ሰው በችሎታው፣ በቀልዱ ወይም በድብቅ ውለታው አንባቢን ሊይዝ ይገባል። ይህ ማለት መጨረሻ ላይ የግድ ይታረቃል ማለት አይደለም።

መቼት፦ የባሌ ደጋ

ሮቤ የባሌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ጎባ ደግሞ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ርዕሰ ከተማ ነበረች። ሁለቱ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዙሪያቸው ስንዴና ገብስ በስፋት ይመረታል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራበት አካባቢም አለ። ስለዚህ ሥራ ሲበዛ ከትምህርት የሚቀረው ልጅ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ታሪክን ሊሸከም ይችላል። ሮቤ የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ መሆኗም ምኞቱን ቅርብ፣ መከልከሉንም መራራ ያደርገዋል።

በኦሮሞ ባህል የልደት ቅደም ተከተል ክብደት አለው። በአማርኛም የሚሠራበት «አንጋፋ» የሚለው ቃል በኦሮምኛ በኩሩን ያመለክታል፤ ታናሹ «ቁጢሱ» ይባላል። አንጋፋው ከአባት ቀጥሎ የቤቱ ኃላፊ ሆኖ ስለሚታይ ትእዛዙ እንደ ግል ጠባይ ብቻ አይቆጠርም። በሌላ በኩል በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች ውርስን እኩል እንዲካፈሉ ይደነግጋል። በልማድና በሕግ መካከል ያለው ይህ ርቀት ለደራሲ ሰፊ ቦታ ይሰጣል።

ለምሳሌ አባት የሞተበት አንድ ቤት ይታሰብ። አንጋፋው ከ8ኛ ክፍል አቋርጦ እርሻውን ይዟል። ታናሽ እህቱ ትምህርቷን ለመቀጠል ገንዘብ ስትጠይቅ ለኮምባይነር ኪራይ ያስፈልጋል ብሎ ይከለክላታል፤ በሳምንቱ ግን ለራሱ ፈረስ ይገዛል። አንባቢ ይጠላዋል። በኋላ እስካሁን የከፈለችው ሁሉ እሱ ካቋረጠው ትምህርት የተረፈ መሆኑ ሲታወቅ፣ ጥላቻው ሳይጠፋ ይከብዳል። ፈረሱም ቢሆን ይቅር አይባልለትም።

የተለመዱ ስህተቶች

– ገጸ ባሕርዩን ያለ ምክንያት ክፉ ማድረግ።
– በመጨረሻው ምዕራፍ በድንገተኛ ሕመም ወይም ሞት ይቅርታን ማስገደድ።
– ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፍጹም ንጹሕ ማድረግ፤ በወንድማማች ጠብ ውስጥ ሁለቱም የሚያፍሩበት ነገር ይኖራቸዋል።
– ወላጆችን መርሳት። ብዙ ጊዜ የጠቡ ሥር ያለው እነርሱ ዘንድ ነው።