ከሶር ውሃ እስከ ባሮ፣ በአንዲት ሰንጢ

መቱ ላይ ክረምት እንዴት እንደሚዘንብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ጠዋት የጀመረው ዝናብ ለምሳ አይነሣም፣ ለምሳ ያልተነሣው ለእራትም እዚያው ያመሻል፣ እንግድነቱን ረስቶ ቤተኛ ይሆናል። ጎሬ ደግሞ ይብሳል። ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣ ጭጋጉን እንደ ጋቢ ተከናንባ ትውላለች፤ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ የጎረቤቱን ሳል ይሰማል እንጂ ጎረቤቱን አያየውም። የማወጋችሁ ነገር የተጀመረው በእንዲህ ያለ ነሐሴ ነው። ነገሩም ኪስ ውስጥ የሚገባ ነው፤ ሰንጢ ነው። ሰንጢ ስላችሁ ግን ያቺን አንድ ስለት ብቻ ያላትን ማለቴ አይደለም። ፒንሳውም፣ ካቻቢቴውም፣ ወስፌውም፣ መጋዙም በአንድ እጀታ ተጣጥፎ የሚተኛባትን ነው።

ከእኔ በፊት አያቴን ላስቀድም። አያቴ የሲራራ ሰው ነበር። የጎሬን ቡና በበጋ ጭኖ፣ በቡሬ አድርጎ፣ ያንን ቁልቁለት ወርዶ ጋምቤላ ወደብ ያደርስ ነበር። ወደብ ስላችሁ አትሳቁ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል (ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥርላችሁ) ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ፣ ጋምቤላ የእንፋሎት መርከብ የሚቆምባት ቦታ ሆና ነበር። መርከቡ ከካርቱም ተነሥቶ ነጭ ዓባይን፣ ከዚያ ሶባትን፣ ከዚያ ባሮን እየያዘ ሽቅብ ይመጣል፤ የሚመጣውም ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ነው። እኛን ቤት የሚያስቀምጠን ዝናብ ለመርከቡ መንገድ ነበር ማለት ነው። ቡናው መጋዘን ገብቶ ዝናቡን ይጠብቃል። ጣቢያው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነጻ በወጣችበት በ1956 ነው።

አያቴ ይህን ሲያወራ ታዲያ መርከቡን አልፎት ይሄድና ጆንያው ላይ ይቆም ነበር። በቅሎዋ እሾህ ትታከካለች፣ ጆንያው ይተረተራል፣ ቡናው መንገድ ለመንገድ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ሁሉም ይቆማል፣ ከዚያ "ወስፌ ያለው!" ይባላል። ስለዚህ አያቴ ወገቡ ላይ ቢላዋ፣ በቆዳ ኮሮጆው ወስፌና ጠፍር፣ አንገቱ ላይ ከማተቡ ጋር ወረንጦ ይዞ ነበር የሚሄደው። ቢላዋው ይቆርጣል፣ ወስፌው ይበሳል፣ ወረንጦዋ የበቅሎዋንም የጌታዋንም እሾህ ትነቅላለች። አንድ ጊዜ ወንዝ ሲሻገሩ ኮሮጆው ከጭነቱ ላይ ሸርተት ብሎ ሄደ፤ ወረንጦዋ ግን አንገቱ ላይ ቀረች። ይቺን ሲነግረኝ ሁልጊዜ አንገቱን ይዳስስ ነበር።

ከዚያ ቀደም ብሎም ማዶ ያለ ሰው ይህንኑ ያስብ ኖሯል። ካርል ኤልዝነር የሚባል ስዊዛዊ ቢላዋ ሠሪ በ1884 ኢባክ በምትባል መንደር ሥራውን ከፈተ፣ ከዚያ በ1891 ለአገሩ ወታደሮች የሚታጠፍ ቢላዋ ማቅረብ ጀመረ፤ ስለት፣ ወስፌ፣ ቆርቆሮ መክፈቻና ጠመንጃ የሚፈቱበት ካቻቢቴ ያለው። ከዓድዋ አምስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ፒንሳውን ሰንጢ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ስም ያወጣበት ደግሞ አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ነው። በ1975 ከሚስቱ ጋር አውሮፓን በአሮጌ ፊያት ሲዞር፣ መኪናው እየቆመ፣ የሚያድርበት ሆቴል ቧንቧ እያስቸገረ፣ ኪሱ ያለችው ሰንጢ ደግሞ መቁረጥ እንጂ መያዝ አትችልም። ከዚያ ፒንሳ ያላት ሰንጢ ልሥራ አለ፣ ሠራም፣ ከዚያ ይዞ ስንቱን ደጅ ጠና፣ ስንቱ መለሰው፤ ገበያ የወጣችለት በ1983 ነው። ፊያት የነዳ የአዲስ አበባ የድሮ ባለ ታክሲ ይህን ቢሰማ የሚገረም አይመስለኝም።

እኔ የመጀመሪያዬን የገዛሁት መርካቶ ነው። ሻጩ አንድ በአንድ እየዘረጋ እስከ አሥራ አራት ድረስ ቆጠረልኝ። የዓሣ ቅርፊት መፋቂያ አላት፣ አጉሊ መነጽር አላት፣ የወይን ጠርሙስ ቡሽ መንቀያ አላት። ማር እንደ ኢሉባቦር በሚቆረጥበት፣ ጠጅ በብርሌ በሚጠጣበት አገር ቡሽ መንቀያ! (ኋላ ሳየው ግን ያ ጠምዛዛ ሽቦ የጠበቀ ቋጠሮ ለመፍታት ከጥፍር ይሻላል፤ ሐሜቴን በግማሽ አንሥቻለሁ።) አሥራ አራቱንም አምኜ ከፈልኩና ኪሴ ከትቼ መቱ ገባሁ።

ከዚያ ያ ነሐሴ መጣ። ለዘመድ ጉዳይ ኢታንግ መውረድ ነበረብኝ። ከመቱ ስነሣ ይዘንባል፣ ጎሬ ስደርስ ይዘንባል፣ ቡሬን አልፈን ቁልቁለቱን ስንያያዘው ጭጋጉ ቀስ እያለ ከላያችን ተገፈፈ፣ ከዚያ ኮቴን አወለቅሁ፣ ከዚያ ሹራቤን፣ ጋምቤላ ስደርስ በሸሚዝ ነበርኩ። ባሮ ግጥም ብሎ ሞልቷል። ሳየው ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም የእኛው ውሃ ነው፤ ቤቾ በኩል ፏፏቴ ያለበት የሶር ወንዝ ወደ ገባ ወንዝ ይገባል፣ ገባ ከቢርቢር ሲገናኝ ባሮ ይባላል። እኔ በመኪና መጣሁ፣ እሱ በእግሩ መጣ።

ጀልባዋ የቆርቆሮ ናት፣ ኋላዋ ላይ ሞተር ተሰክቶባታል። ባለ ጀልባው ወጣት አኙዋ ነው። "ጋሼ፣ መሃሉ ላይ ይቀመጡ" አለኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ሄድን። ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ጎርፉ ያመጣው የዓሣ መረብ ማራገቢያው ላይ ተጠምጥሟል። ልጁ በመቅዘፊያው እየገፋ ጀልባዋን ወደ ዳር አስጠጋት፣ አንድ የወደቀ ቅርንጫፍ ላይ አሰራት፣ ሞተሩን ከውሃው ወደ ላይ አንሥቶ አዘነበለው፣ ከዚያ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ስለት ይዘዋል?" አለኝ።

የምጠብቃት ጥያቄ ነበረች። ሰንጢዬን መዘዝኩ። ግራ እጄ የጀልባዋን ጠርዝ ይዟል፣ እንዳልለቀው ጀልባዋ ትወዛወዛለች፤ ስለቱ ደግሞ በጥፍር ተጎትቶ የሚከፈት ነው፣ ጥፍሬ ረጥቦ ይንሸራተታል። በጥርሴ ከፈትኩት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ መረቡን መገዝገዝ ጀመርኩ፣ ናይለኑ አልቆረጥ አለ፣ ጫን አልኩት፣ ስለቱ እጥፍ ብሎ ሌባ ጣቴ ላይ ተዘጋ። መቆለፊያ አልነበረውማ። እጄን ባራገፍኩ ጊዜ ሰንጢዋ ጥልም ብላ ገባች፣ አሥራ አራቱንም ይዛ።

ልጁ አልሳቀም። ከመቀመጫው ሥር አንዲት እጀታዋ በጨርቅ የተጠቀለለ የወጥ ቤት ቢላዋ አወጣ፤ በሲባጎ ከመቀመጫው ጋር ታስራለች። መረቡን ቆረጠው። ከማራገቢያው ጀርባ ተጨምቆ የገባው ክር ግን በቢላዋ አልወጣ ብሎ በጣቱ አንድ በአንድ ሲነቅል ሰዓት ሄደ። ፒንሳ ቢኖር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። እኔ ጣቴን በመሐረብ አስሬ ውሃውን እያየሁ "እዚህ አዞ አለ?" አልኩት። "አዞማ አለ" አለኝ፣ መንቀሉንም ቀጠለ።

መቱ ስመለስ አንድ ሬዲዮና ጃንጥላ የሚጠግኑ ሽማግሌ ዘንድ ቁስሌን እንደ ታሰረ ይዤ ሄድኩ። ነገርኳቸው። "ስንት ነገር ነበራት?" አሉኝ። "አሥራ አራት፣ አባባ።" "ከአሥራ አራቱ ስንቱን ሠራህበት?" ዝም አልኩ። ሁለተኛዋን ስገዛ ይዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ስንት እንዳላት አልቆጠሩም። ፒንሳዋን ገጥመው ወደ ብርሃን አነሡና ጫፏ መግጠሟን አዩ፤ ብርሃን የምታሳልፍ ፒንሳ ቀጭን ሽቦ አትይዝም። ስለቷን በቀኝ አውራ ጣታቸው ብቻ ገፍተው ከፈቱ፣ ቀጭ ብላ ቆመች፣ ከዚያ ጀርባዋን ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርገው መቱት፤ አልታጠፈችም። ካቻቢቴዎቹ ጠፍጣፋውም ባለ መስቀሉም ሲዘረጉ እንዲሁ ይቆለፉ እንደሆነ ሞከሩ። ሩብ ኪሎ የምትጠጋዋን ትልቋን መልሰው ሰጡ፤ "ይቺ ቤት ትቀራለች፣ ቤት የቀረች መሣሪያ ደግሞ የለችህም" አሉ። መጨረሻ ላይ እጀታዋ ጫፍ የክር ቀለበት እንዳላት ፈልገው አገኙና "ግዛት" አሉኝ።

በጀልባ ለሚሄድ እኔ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እንደ መጋዝ ጥርስ ያላት ስለት ካለችው እርጥብ ገመድና ናይለን ላይ ትበልጣለች። መሳሏ አስቸጋሪ ነው፣ ይሁን። ወስፌዋም የረጠበ ቋጠሮ መሃል ገብታ ታላቅቃለች። የማይዝግ ብረት ነው ሲሏችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። የእኛ አገር እርጥበት ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ ወንዝ ያየች ዕለት በንጹሕ ውሃ ታጥባ፣ ደርቃ፣ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ማጠፊያዋ ላይ ትፈልጋለች። እጀታዋ ባዶ ብረት ስለሆነ ደግሞ መብራት ያለበት ሽቦ አታስነኳት፤ ለዚያ ፕላስቲክ የለበሰው የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ፒንሳ አለ። ጋምቤላ በአውሮፕላን የምትወርዱም ከሚጫነው ሻንጣ ክተቷት፣ በእጅ ከያዛችኋት ፍተሻው ላይ ትቀራለች።

ሥራዋ ታዲያ ከወንዙ ይልቅ ቤት ነው የበዛው። የቡና ችግኝ ስንተክል ላስቲኩን ሥሩን ሳትነካ ትሰነጥቃለች፣ የጀሪካን ክዳን አልከፈት ሲል በፒንሳዋ ይዞራል፣ የመነጽሬን ብሎን ታጠብቃለች፣ ጆንያ ሲተረተር ወስፌዋ ትበሳና ሲባጎ አሳልፌ እሰፋለሁ። ያን ጊዜ አያቴ ትዝ ይለኛል። ልጆቹ "አባዬ ሰንጢውን" ሲሉኝ ክሩን ይዤ ከኪሴ እስባታለሁ፤ ሦስት ጊዜ ክሩን ቀይሬያለሁ፣ እሷን አልቀየርኩም።

ዘንድሮም ያ ዘመዴ ኢታንግ ና ብሎኛል። ከእናንተ መሃል በክረምት ወደዚያ የምትወርዱ ካላችሁ የሰንጢያችሁን ክር ጀልባዋ ላይ ሳይሆን ቤት ሳላችሁ እሰሩት፤ ጀልባዋ ላይ እጃችሁ ሥራ አለው።