ከጂንካ ሮም በአስጎብኚ ኪስ

ስሙኝማ። ጂንካ ውስጥ አንድ አስጎብኚ አለ፤ ስሙን ተዉት፣ እንደሱ ያለ በየሆቴሉ ደጅ ሞልቷል። ማክሰኞ ዲመካ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር፣ ቅዳሜ እዚያው ጂንካ ገበያ ፈረንጅ ይዞ ሲዞር ይከርማል። አንዴ ከሮም የመጡ ባልና ሚስትን ማጎ ፓርክን አቋርጦ ሙርሲ መንደር አድርሶ መለሳቸው። ሲሰነባበቱ «አሁን ተራው ያንተ ነው፤ እኛ ቤት ታርፋለህ» አሉት። እንዲህ ያለ ግብዣ ብዙ ጊዜ ከመኪናው አቧራ ጋር ይጠፋል። እሱ ግን ያዘው።

ለእናቱ ቢነግራቸው «አውሮፕላኑ ስንት ይጠይቃል ልጄ?» አሉት። ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የጂንካን ሰው ኪስ የሚያራቁተው ግን ከአውሮፕላኑ በፊት ያለው መንገድ ነው። ጣልያኖቹ ወደ እኛ ሲመጡ ቪዛቸውን ቤታቸው ቁጭ ብለው በኢንተርኔት ጨርሰዋል። የኛ ልጅ አሻራ ለመስጠት በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭ፣ በሶዶ አድርጎ አዲስ አበባ በአካል መቅረብ አለበት። አንድ ወረቀት ከጎደለው ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ የአልጋ ኪራይ እንደገና ነው። ቪቶሪዮ ቦቴጎ የተባለው ጣልያናዊ እ.ኤ.አ. በ1896 ኦሞን ተከትሎ ቱርካና ሐይቅ ሲደርስ የባንክ ደብተር አምጣ ያለው አልነበረም!

ሮም የሚያስገባው የሸንገን ቪዛ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም ገንዘቡ አይመለስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ያው 90 ዩሮ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ከብዷል። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን 15 ቀን የነበረው የመልስ መጠበቂያ 45 ቀን ሆነ፤ ተመላልሶ መግቢያ ቪዛም ቀረ። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን መልሶ ለመቀበል አልተባበረም የሚል ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን አስጎብኚው ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ልጁ ምን አደረገ? ደሞዝተኛ አይደለም፤ ገቢው ከእጅ ወደ እጅ ነው። ስለዚህ ቱሪስት የሚሰጠውን ጉርሻ ኪሱ ማሳደሩን ትቶ በየሳምንቱ ባንክ ያስገባ ጀመር። ከዘመድ ተበድሮ ባንዴ መቆለሉን አልፈለገም፤ ትናንት የገባ ብር ቆንስላን ያስጠረጥራል እንጂ አያሳምንም። የአስጎብኚነት ፈቃዱን፣ ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ፣ የግብዣ ደብዳቤውን፣ እስከ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን አንድ ፌስታል ውስጥ ከተተ። ፌስታሉን አውቶቡስ ላይ ከጭኑ አላወረደውም። ትኬቱንም ቦታ ብቻ አስያዘ እንጂ ቪዛው ሳይመታ አልገዛም።

ወሩንም መርጧል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ጂንካ ቱሪስት ስለሚበዛ ሥራ ጥሎ አይሄድም። ኅዳር ላይ ሮም ይዘንባል፤ ግን ጎብኚው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረግባል። ቪዛው መጣ ሲላቸው እናቱ «ለቅዳሜ ገበያ ትመለሳለህ?» አሉት።

ሮም ላይም ቢሆን ያወቀ ይቆጥባል። ከፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማ የሚያስገባው ፈጣን ባቡር 14 ዩሮ ሲሆን ተራው 8 ነው። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ኮሎሲየም በነጻ ይገባል። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ያህል የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እዚያ ቆሞ ለመገረም አምስት ሳንቲም አይከፈልም።

የቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀበላሉ። እና ለኅዳር የምታስቡ የጂንካ ልጆች፣ ቀጠሮውን ግንቦት መጨረሻ ላይ ያዙ። ፓስፖርታችሁም ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቀረው መሆኑን ዛሬውኑ ገልጣችሁ እዩ።