ከሂርማታ ገበያ እስከ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን

የጅማ ከተማ መነሻ ሂርማታ የተባለው የሐሙስ ገበያ ነው። በ19ኛው ምእተ ዓመት ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋና ከከፋ የሚመጡ የንግድ ጎዳናዎች በዚህ ስፍራ ይገናኙ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ሲወጣ፣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባ ነበር። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ባንክ ባልነበረበት፣ ጎዳናውም በኬላ በተከፋፈለበት በዚያ ዘመን ብቻውን የሚነግድ ሰው ሩቅ አይሄድም ነበር። ጀበርቲውም ሆነ አፍቃላ የሚባለው የኦሮሞ ነጋዴ የሚጓዘው ከሲራራ ጋር ነው። ከገንዘቡም ይልቅ ዋስ የሚሆነው ስሙ ነበር፤ ቃሉን ያጠፈ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ገበያ ዱቤ የሚሰጠውም ሆነ በቤቱ የሚያሳድረው አያገኝም።

ይህን ጠንቅቀው ከተረዱት መካከል ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ዋነኛው ናቸው። ለምኒልክ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት ጥፋት ስለ ጠበቁ፣ ጂሬን የመንግሥት መቀመጫ፣ ሂርማታም የነጋዴ መናኸሪያ ሆነው ቀጠሉ። ከሩቅ አገር የመጣውም ነጋዴ በአካባቢው መስፈር ቻለ።

ይሁን እንጂ የታሪኩ ሌላው ገጽ ሊሸፈን አይገባውም። ቡናና ዝባድ ያመላለሰው ያው ጎዳና፣ ያው ደላላና ያው መተማመን ሰውንም እንደ ሸቀጥ አመላልሷል። ሂርማታ የታወቀ የባሪያ ገበያ ነበር፤ ባርነትም በሕግ የታገደው በ1942 ነው። ትስስር በራሱ በጎ ነገር አለመሆኑን፣ በማን ትከሻ ላይ እንደ ቆመ ሁልጊዜ መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር የለም።

በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የመኪና መንገድ ተሠራ፤ በቅሎውንም የጭነት መኪና ተካው። ከአጋሮ፣ ከጎማና ከሊሙ የሚወጣው ቡና ከሰብሳቢ ወደ አቅራቢ፣ ከአቅራቢ ወደ ላኪ የሚተላለፍበት ሰንሰለት እየጠነከረ ሄደ። በዚህ ሰንሰለት ላኪው የውጭውን ገዥ፣ አቅራቢው ላኪውን ያውቃል፤ ገበሬው ግን የሚያውቀው ደጃፉ ድረስ የሚመጣውን ሰብሳቢ ብቻ ነው። የዓለም ዋጋ ሲወድቅ የሚሰማው በመጀመሪያ፣ ሲወጣ የሚሰማው በመጨረሻ ነበር።

ይህን ክፍተት ለማጥበብ በ1999 የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን ተቋቋመ። በ2008 የተከፈተው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን ለሁሉም ግልጽ ቢያደርግም፣ ቡናው በደረጃ እየተደባለቀ ስለሚሸጥ የማን ማሳ ውጤት እንደ ሆነ መለየት አዳጋች ሆነ። ዩኒየኖች ግን በቀጥታ ለውጭ ገዥ መሸጥ ተፈቅዶላቸው ስለ ነበር የገበሬው ስም ከቡናው ጋር አብሮ ሊጓዝ ቻለ።

በጎማ ወረዳ በ2010 የተቋቋመው የዱሮሚና ማኅበር የዚህ ምሳሌ ነው። ገበሬዎቹ በብድር የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከሉ፤ የሙያ ምክርም አገኙ፤ ቀድሞ ጀንፈል አድርገው በርካሽ የሚሸጡትን ቡና አጥበው ማቅረብ ጀመሩ። በ2012 ቡናቸው በዓለም አቀፍ ቀማሾች ዘንድ ከአፍሪካ ቡናዎች አንደኛ ተባለ። ዛፉም አፈሩም ያው የቀድሞው ነበር፤ የተለወጠው አሠራሩና ገበሬው የሚያውቃቸው ሰዎች ብዛት ነው።

ዛሬ በጅማና በዙሪያዋ አዲስ ሥራ የሚጀምር ባለሙያ ሁሉ ገንዘብ ከመፈለጉ በፊት ሰው ይፈልጋል። በዚህም የሂርማታን ነጋዴ ይመስላል። ከእርሱ የሚሻለው ግን፣ በሚዘረጋው ሰንሰለት መጨረሻ ላይ ያለውንም ሰው በስሙ ያወቀ እንደ ሆነ ነው።