እንዶድን እንዶድ ያደረገው ስኳሩ ነው

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ያጠኑ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ በሽታውን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ቀጥሎ የመጣው ግን እምብዛም አይወራም።

ገዳዩ ንጥረ ነገር በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ተለይቶ ወጣ፤ በዶክተሩ ስም «ለማቶክሲን» ተባለ። አረፋ የሚያወጣው የሳፖኒን ዘር ነው። ሞለኪዩሉ ሁለት ክፍል አለው፤ ኦሊያኖሊክ አሲድ የሚባል ቅባት ወዳድ አካል፣ በእሱ ላይ ደግሞ የተንጠለጠለ ውሃ ወዳድ የስኳር ሰንሰለት። ኦሊያኖሊክ አሲድ ብርቅ አይደለም፤ የወይራ ቅጠልም ሞልቶታል። በወይራ ቅጠል ልብስ ያጠበ ግን አልተሰማም።

ነገሩ ከዚህም ይረቃል። በ1980ዎቹ የስዊስ ኬሚስቶች እንዳሳዩት፣ ባልተነካው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ስኳር የተሸከመው በሁለት ጎኑ ነው። እንዲህ እንዳለ ቀንድ አውጣን አይገድልም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው የራሱ ኢንዛይም የአንዱን ጎን ስኳር ይቆርጠዋል፤ ገዳይ የሚሆነውም ያኔ ነው። ወንዝ የወረዱት ሴቶች ሳያውቁት የኬሚስት ሥራ ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ኮምፒውተርን ለሞለኪዩል ምርምር ማዋል ደግሞ የቆየ ሙከራ ነው። ከዓድዋው ግኝት በኋላ ባለው ዓመት፣ በ1965፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሞለኪዩልን ቅርጽ ከላቦራቶሪ ልኬት የሚገምት «ዴንድራል» የተባለ ፕሮግራም ተጀመረ። በ2020 ደግሞ በጀርመን የየና ዩኒቨርሲቲ እነ ዮናስ ሻውብና ማሪያ ሶሮኪና ስኳርን ለይቶ የሚያነሳ ነጻ ፕሮግራም ይዘው መጡ። ደንቡ ቀላል ነው። አንድ ኦክስጅን ያለበት፣ ቀሪው ካርቦን የሆነ ቀለበት ይፈለጋል፤ ከውጭ የተጣበቁት ኦክስጅኖች ቢያንስ የቀለበቱን አተሞች ግማሽ ያህል ከሆኑ፣ ማለትም ለባለ ስድስቱ ሦስት ካሉት፣ ስኳር ይባላል። ኦክስጅን የጎደለው ስኳር ሊያመልጠው ይችላል።

ጥቅሙ አያከራክርም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የተፈጥሮ ሞለኪዩሎችን በእጅ መደርደር አይቻልም፤ ስኳሩ ሲነሳ ዝምድናቸው ጎልቶ ይታያል። አደጋው ያለው የተቆረጠውን እንደ ገለባ በሚጥለው ተጠቃሚ ላይ ነው። ሁሉንም ስኳር እንዲያነሳ ታዞ ገዳዩ ለማቶክሲን ቢገባለት፣ የማይገድለው ባለ ሁለት ጎኑም ቢገባለት፣ የሚወጣው ያው ኦሊያኖሊክ አሲድ ነው። እንዶድና ወይራ በአንድ መስመር ይሰለፋሉ። መድኃኒት ፈላጊው ያንን ዝርዝር ብቻ ቢያይ ዓድዋ ላይ የተገኘውን ነገር ያልፈዋል።

ፕሮግራሙ ግን ሳይቆርጥ ስኳር መኖሩን ብቻ እንዲናገርም ሊታዘዝ ይችላል።