የ«ስፒን» ታሪክና የአማርኛ አቻ ፍለጋ

በሙያዊ ቃላት ትርጉም ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከሚያጋጥሙት ፈተናዎች አንዱ፣ በምንጩ ቋንቋ ሳይቀር የተሳሳተ ሥዕል የሚሰጥ ስያሜ ነው። «ስፒንትሮኒክስ» ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ማግኔትነት ያላቸውን ቁሶች በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ውስጥ የማዋል ጥናት በዚህ ስም መጠራት የጀመረው በ1990ዎቹ በአሜሪካ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው)። ቃሉ የ«ኤሌክትሮኒክስ»ን ራስ ቈርጦ በቦታው «ስፒን»ን የተከለ ነው። የተርጓሚ እጅ በመጀመሪያ የሚሄደው ወደ «ሽክርክሪት» መሆኑ አያስደንቅም፤ ስፒን በተራው እንግሊዝኛ መሽከርከር ነውና። ይሁን እንጂ ቃሉ ወደ ፊዚክስ የገባበትን መንገድ የመረመረ ሰው በዚህ አቻ አይረጋጋም።

ነገሩ የተጀመረው በ1925 ነው። አቶሞች የሚያወጡት ብርሃን በማግኔት መስክ ውስጥ በጊዜው ከነበረው ንድፈ ሐሳብ ውጭ ይከፋፈል ነበር። ወጣቱ ራልፍ ክሮኒግ ኤሌክትሮን እንደ እንዝርት በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል ብሎ በማሰብ ይህን ለመፍታት ሞከረ፤ ቮልፍጋንግ ፓውሊ ግን ሐሳቡን ስላልተቀበሉት ሳያሳትመው ቀረ። በዚያው ዓመት በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርስቲ ጆርጅ ኡህለንቤክና ሳሙኤል ጎውድስሚት ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፈው ለመምህራቸው ለፓውል ኤረንፌስት ሰጡ። ወዲያው ታላቁ ሄንድሪክ ሎረንትስ ሒሳቡን ሲመረምሩት፣ ኤሌክትሮን የተባለውን ያህል ቢሽከረከር ገጹ ከብርሃን በብዙ እጥፍ መፍጠን እንዳለበት ተገኘ። ይህ ደግሞ ሊሆን አይችልም። ወጣቶቹ ጽሑፋቸውን ለማስመለስ ቢፈልጉም ኤረንፌስት አስቀድመው ልከውት ነበር።

የሚሽከረከረው ኳስ ሥዕል በዚህ ሁኔታ ገና ሲወለድ ተነቀፈ፤ የተለካው ባሕርይ ግን እውነት ሆኖ ቆየ። በ1927 ፓውሊ ራሳቸው ሒሳባዊ መልክ ሰጡት። በ1928 ፓውል ዲራክ ባወጡት እኩልታ ውስጥ ደግሞ ምንም ዓይነት መሽከርከር ሳይታሰብ ይኸው ባሕርይ ከሒሳቡ ውስጥ በራሱ ወጣ። ስሙ ግን አልተለወጠም።

እዚህ ላይ «እንግሊዝኛው በተሳሳተ ስም ከኖረ አማርኛውስ ለምን አይኖርም?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ እንዲህ ነው፦ በእንግሊዝኛ ቃሉ በመቶ ዓመት አገልግሎት ብዛት የፊተኛ ትርጉሙን ከሞላ ጐደል አራግፎአል። የኛ «ሽክርክሪት» ግን ሙሉ ትርጉሙን ተሸክሞ ይገባል፤ ተማሪው ሎረንትስ የጣሉትን ኳስ እንደ አዲስ ያነሣዋል። ስለዚህ «ስፒን» በውሰት መቅረቱ ይሻላል። «ኤሌክትሮኒክስ» የተለመደ በመሆኑ «ስፒንትሮኒክስ»ም ለጆሮ እንግዳ አይሆንም።

ሥረ ቃሉን መዋስ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ መዋስ ማለት አይደለም። በማግኔት ምክንያት የአንድ ቁስ የኤሌክትሪክ ሬዚስታንስ እንደሚለወጥ ዊልያም ቶምሰን በ1850ዎቹ በብረትና በኒኬል ላይ አሳይተዋል፤ ለውጡ ግን ጥቂት ነበር። በ1988 በፓሪስ አጠገብ በኦርሴ የአልበርት ፌር ቡድን ብረትና ክሮምየምን በናኖሜትር ውፍረት እያፈራረቀ በመደራረብ፣ በ4.2 ኬልቪን ሬዚስታንሱ ወደ ግማሽ እንደሚወርድ አሳየ። በጀርመን ዩሊሽ የፒተር ግሩንበርግ ቡድንም ጥቂት ንብርብሮች ብቻ ባሉት ሥራ በተለመደው የክፍል ሙቀት 1.5 ከመቶ ያህል ለውጥ አገኘ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ስፒኑ ከንብርብሩ ማግኔትነት ጋር የሚስማማ ኤሌክትሮን በቀላሉ ሲያልፍ ተቃራኒው ይሰናከላል። ጐረቤታሞቹ የብረት ንብርብሮች ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ሲያመለክቱ ሁለቱም ወገን አንድ ቦታ ይሰናከላል፤ የማግኔት መስክ ሲያስተካክላቸው ግን አንደኛው ወገን መንገዱ ይከፈትለታል።

ኦርሴዎች ክሥተቱን «ግዙፍ»፣ ዩሊሾች ደግሞ «የዳበረ» አሉት። በኔ ግምት ሁለተኛውን የጐዳው ትሕትናው ነው። ግኝቱ በ1997 ወደ ኮምፒዩተር ዲስክ ማንበቢያ ገባ፤ በ2007 ሁለቱ ሊቃውንት የኖቤልን ሽልማት ሲካፈሉም የታወቀው በ«ግዙፍ» ነበር። ችግሩ በ1994 መጣ። በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ቁሶች ላይ የሺሕ እጥፍ ያህል ለውጥ ሲገኝ ከ«ግዙፍ» የሚበልጥ ቅጽል ተፈለገ፤ አማርኛውም «እጅግ ግዙፍ» ወደ ማለት ያዘነብላል። ይህ አያዋጣም። ልዩነቱ የመጠን ብቻ አይደለምና፤ የኋለኛው የሚመነጨው ከንብርብር ሳይሆን ቁሱ ራሱ ከማያስተላልፍ ወደሚያስተላልፍ ሁኔታ ከመሸጋገሩ ነው። ስለሆነም የኋለኛውን በቁሱ ስም «የማንጋናይት ማግኔቶ-ሬዚስታንስ» ማለቱ ለአንባቢ ይረዳል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው በ1983 በሆላንድ የደ ግሮት ቡድን በኒኬል፣ በማንጋኒዝና በአንቲሞኒ ውሑድ ላይ የሰጠው ስያሜ ነው። ይህ ቁስ ለአንዱ የስፒን ወገን እንደ ብረታ ብረት አስተላላፊ ሲሆን ለሌላው ወገን ዝግ ነው። ለስፒንትሮኒክስ የተፈለገውም በዚሁ ጠባዩ ነው። ቃል በቃል «ግማሽ ብረት» ቢባል ሁለት ስሕተት ይደራረባል። አንደኛ፣ ብረት በአማርኛ የአንድ ንጥረ ነገርም የጠቅላላው ወገንም ስም በመሆኑ አንባቢው እኩሌታው ብረት የሆነ ቅይጥ ይመስለዋል፤ በውሑዱ ውስጥ ግን ብረት ጨርሶ የለም። ሁለተኛ፣ እንደ ቢስሙት ያሉት «ከፊል ብረታ ብረት» የሚባሉት ከዚህ ጋር ይምታታሉ፤ «ግማሽ»ና «ከፊል» በኛ ዘንድ ይወራረሳሉና። «ከፊል»ን እንደ «ከፊል አስተላላፊ» ላሉት ትቶ፣ ይህኛውን «ባንድ ወገን አስተላላፊ» ማለት ይቻላል። ከእንግሊዝኛው ይረዝማል፤ ነገር ግን የቁሱን ጠባይ ይናገራል።