የበግ አንጎልና የእብድ ውሻ መድኃኒት

በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ሮብ ገበያ የሚባል ቦታ አለ። ስሙ እንደሚነግረን የረቡዕ ገበያ ነው። በእንዲህ ያለ የገጠር ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ወይ ለዒድ፣ ወይ ለዐቂቃ፣ ወይ ለእርባታ ነው። ለመድኃኒት ብሎ በግ የሚነዳ አይታየንም። ነገር ግን በአገራችን እብድ ውሻ የነከሰው ሰው የሚወጋው ክትባት ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረው ከእንስሳ አንጎል ነው። ዛሬ የምናወሳው የዚህን ክትባት ታሪክ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን እብድ ውሻ የነካከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አከመው፤ ልጁም ዳነ። ክትባቱ የተዘጋጀው በበሽታው ከሞቱ ጥንቸሎች የጀርባ አከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ ክላውዲዮ ፌርሚ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም አሠራሩን ቀለል አደረገው። በግን ወይም ፍየልን የመሰለ ጤነኛ እንስሳ አንጎሉ ውስጥ ቫይረሱ ይወጋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታመማል፤ እግሩ ይከዳዋል። ከዚያ ይገደልና አንጎሉ ወጥቶ ይፈጫል፣ ቫይረሱ እንዲዳከም ፌኖል በተባለ ኬሚካል ይታሻል። እንግዲህ መርፌው ውስጥ የገባው ይህ ነው።

በአገራችን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ። ስሙ ከአንዴም ሁለቴ እየተለወጠ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። የፌርሚ ዓይነቱ ክትባት በዚህ ቤት ለአሥርት ዓመታት ተመርቷል። የተነከሰው ሰው ከአሥር ቀን በላይ በየቀኑ የሆዱ ቆዳ ሥር ይወጋ ነበር። ክትባቱ በአቅራቢያው ሲታጣበት ደግሞ የቢቸናው ሰው ዓባይን ተሻግሮ ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ይህን ያልቻለ እንዶድ በጥብጦ ይጠጣል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ያ የበግ አንጎል የስንቱን ቤት ልጅ እንዳተረፈ አላህ ያውቃል። ውለታውን መካድ አይገባም።

ታዲያ ሸሪዓው ምን ይላል? ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ነጃሳ ነው ወይስ አይደለም?» የሚለውን ብቻ ነው። ለዚህ ዑለማኦቻችን መልሰዋል። የሻፊዒ መዝሀብ ታላቅ ሊቅ ኢማም አን-ነወዊ (በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) ንጹሕ ምትክ ከታጣ፣ ከአስካሪ በቀር በነጃሳ መታከም እንደሚፈቀድ ጽፈዋል። እኛ ግን ሁለተኛው ጥያቄ የተዘነጋ ይመስለናል፤ የእንስሳው ሐቅስ? ኢማም ዒዝ ኢብን ዐብዱ-ሰላም (በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) እንስሳ በባለቤቱ ላይ ያለውን መብት ሲዘረዝሩ፣ ቢያረጅና ቢታመም፣ ጥቅም ባይሰጥም እንኳ ቀለቡን ሊያቋርጥበት እንደማይገባ፣ ከአቅሙ በላይ ሊጫንበት እንደማይፈቀድ አስፍረዋል። ለውሻ ውኃ ያጠጣው ሰው ታሪክ በየመድረሳው ሲነገር የኖረ ነው። በጉን ለልጃችን ሕይወት መሠዋት ደሩራ ነው፤ ግድ ነው። ደሩራ ግን ልክ አለው። ሌላ መንገድ ሲገኝ ፈቃዱ ያበቃል።

ሌላው መንገድ ደግሞ ተገኝቷል! ከሩቅም አይደለም፣ የሙስሊም አገር ከሆነችው ከኢራን እንጀምር። በቴህራን የፓስተር ኢንስቲትዩት በእብድ ውሻና በእብድ ተኩላ የተነከሱ 45 ሰዎች በላቦራቶሪ ሕዋስ ላይ በተመረተ አዲስ ክትባት ታከሙ። አንድም ሰው አልሞተም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ታተመ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቬሮ የተባለው የሕዋስ ዘር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1962 በጃፓን ከአንዲት የአፍሪካ ጦጣ ኩላሊት የተወሰደ ነው። ያ ዘር እስከ ዛሬ በብልቃጥ ውስጥ ይራባል። በየጊዜው መንጋ መግደል ቀረ ማለት ነው። መርፌውም በክንድ ላይ አራት አምስት ጊዜ ብቻ ሆነ።

የበጉ አንጎል ለሰውም አደጋ ነበረው። አንጎል ውስጥ ያለው የነርቭ ሽፋን ሲወጋ፣ የአንዳንዱ ሰው ሰውነት በገዛ ነርቩ ላይ ይነሣል፤ ሽባ የሆኑ፣ የሞቱም አሉ። ለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ይህ ዓይነቱ ክትባት እንዲቆም አጥብቆ መክሯል። አገራችን ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ስትሠራው ቆይታለች። ባለሙያዎቹ ጨካኝ ስለሆኑ አይደለም። አዲሱ ክትባት ውድ ነው፤ ዶላር ይጠይቃል። ድህነት ደሩራን ያራዝማል፤ በዚህ ሐኪሙን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

በኢንሱሊንም ይህንኑ አይተናል። እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ከከብትና ከአሳማ ቆሽት ሲጨመቅ ኖሮ፣ የሰው ዓይነቱ ኢንሱሊን በባክቴሪያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ተፈቀደ። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናቶቻችንና አባቶቻችን ከዚያ የልብ ጭንቀት አረፉ።

ከሁሉ የሚረክሰው መንገድ ግን ውሻውን ራሱን መከተብ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ከአንድ አካባቢ ውሾች ከመቶ ሰባው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል ይላሉ ባለሙያዎች። በየከተማው ውሻን በመርዝ መፍጀት ግን ለውሻውም ስቃይ፣ ለበሽታውም መፍትሔ አልሆነም። ለእረኝነትና ለቤት ጥበቃ ውሻ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ ሲመጣ ውሻችሁን አስራችሁ አቅርቡ። የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡለት፤ ከዚያም ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት።